«ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ መዘጋጀት፦ ስለ ዓይነታዊ ምርምር ዕቅድ

በቀይ አፈር በተሸፈኑት የወላይታ ደጋማ ቀበሌዎች ጫማ መቁጠር ያን ያህል አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። አጥኚው ናሙና የሚሆኑትን ቤቶች በዕጣ ይመርጣል፤ መጠይቁን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ስንት ሰው ጫማ እንዳለው፣ ስንቱስ በዚያች ዕለት ተጫምቶ እንደተገኘ ይመዘግባል። ውጤቱ በመቶኛ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ጫማ ያለው ገበሬ ጫማውን ቤት ትቶ በባዶ እግሩ ወደ ማሳው የሚወርድበትን ምክንያት ሠንጠረዡ አይነግረንም። ይህን ለማወቅ ገበሬውን ራሱን ማነጋገር፣ አብሮት መዋል፣ የሚናገረውንም ሆነ ሳይናገር የሚያልፈውን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ በሥርዓት የሚሠራው የምርምር ዘርፍ ዓይነታዊ ምርምር ይባላል።

በቤተ ሙከራ መለካትን፣ መመዘንንና መቁጠርን ስንማር የቆየን የሳይንስ ተማሪዎች ዓይነታዊ ምርምርን በጥርጣሬ ማየታችን አይገርምም። «ሄዶ ከሰው ጋር ማውራት እንዴት ምርምር ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ በመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት በየትምህርት ክፍሉ የሚሰማ ነው። ከዚህ ጥርጣሬ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ስሕተትም አለ፤ ይኸውም ዓይነታዊ ጥናት ቁጥር ስለሌለው ዕቅድ አያስፈልገውም ብሎ ማሰብ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። መጠናዊ ጥናት መጥፎ ዕቅድ ቢኖረው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ነው። ዓይነታዊ ጥናት ያለ ዕቅድ ከተገባበት ግን የሰው ምሥጢር ሊወጣ፣ ቤተሰብ ሊጋለጥ፣ መንደሩም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው አጥኚ ሁሉ በሩን ሊዘጋ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ጥናት እንዴት እንደሚታቀድ ለማየት እንሞክራለን። ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር በአገራችን በተሠራና በታተመ አንድ ጉዳይ ላይ እንመሠረታለን። ጉዳዩ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ ነው።

በሽታው እና ያስነሣው ጥያቄ

ፖዶኮኒዮሲስ በተውሳክ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሠሩ ሰዎችን ይይዛል። ስሙ «እግር» እና «አቧራ» ከሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው፤ ያወጣለትም በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በተካሄደ አገር አቀፍ የሥርጭት ጥናት ላይ የተመሠረተ ስሌት፣ በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ በሽታው ለምን አልጠፋም?

እዚህ ላይ አንድ ሳይንሳዊ እንቆቅልሽ አለ። በአንድ ማሳ ላይ እኩል በባዶ እግራቸው ከሚሠሩ ጎረቤታሞች መካከል አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ ያረጃል። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ተደጋግሞ ይታያል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤተሰቦች ጥናት፣ ለበሽታው ከመጋለጥ ልዩነት ውስጥ 63 በመቶ ያህሉ በዘር ውርስ ሊገለጽ እንደሚችል አሰላ። ተመራማሪዎች የትኛው የዘረመል ክፍል ለዚህ ተጠያቂ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ለዚህም ከሕሙማንና ከጤነኞች የሚወሰድ የዘረመል ናሙና አስፈለገ።

ነገሩ የባዮሎጂ ሥራ ይመስላል፤ በእርግጥም ነው። ይሁንና በአካባቢው የዝሆኔ ሕሙማን የሚገለሉ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው ለጋብቻ ስትጠየቅ፣ በሰርግና በለቅሶ ቦታ ሲቀመጡ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ መገለሉ አብሯቸው አለ። በዚህ መካከል አንድ ቡድን መጥቶ «በሽታችሁ በዘር የሚሄድ ስለመሆኑ እናጠናለን» ቢል ምን ይከተላል? የታመመው ብቻ ሳይሆን ጤነኛው ወንድሙና እህቱም «የዚያ ዘር» ይባላሉ ማለት ነው።

የጥናቱ አዘጋጆች ናሙና ከመሰብሰባቸው አስቀድመው ሌላ ጥናት አቀዱ፤ ፈጣን የሥነ ምግባር ቅኝት ልንለው የምንችል ዓይነታዊ ጥናት ነበር። በጥልቅ ቃለ መጠይቅና በቡድን ተኮር ውይይት የአካባቢውን ሰዎች፣ ሕሙማንንና ተመራማሪዎችን አነጋገሩ። ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. በሁለት ጽሑፎች ታትሟል። ሰዎች በምርምር ለመሳተፍ የሚወስኑት በፈቃድ መጠየቂያው ወረቀት ላይ በሰፈረው ዝርዝር ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ቀደም ሲል ከአጥኚዎች ጋር የነበራቸው ልምድ፣ ለሕሙማን አገልግሎት የሚሰጥ የታመነ ድርጅት በአካባቢው መኖሩ፣ በመንደሩ ውስጥ የማን ቃል ይሰማል የሚለው ሁሉ ይወስናል። የዘረመል ጥናቱ መገለሉን ሊያባብስ ይችላል የሚለው ሥጋትም በግልጽ ወጣ። የፈቃድ አጠያየቁ ሥርዓት ይህን ታሳቢ አድርጎ ተቀረጸ። ከዚያ በኋላ ናሙናው ተሰበሰበ፤ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረው የዘረመል ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሞ፣ የተጋላጭነቱ ልዩነት ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይበት ኤች ኤል ኤ ከሚባለው የዘረመል ክልል ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ።

ይህን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዓይነታዊ ጥናት የመጠናዊ ጥናት ታናሽ ወንድም ሆኖ ሳይሆን፣ መጠናዊው ያለ እርሱ ሰውን ሳይጎዳ ሊሄድ የማይችልበት መንገድ ሆኖ የታየበት ጉዳይ ነው።

ጥያቄን መቁረጥ

አሁን አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከዚህ ጉዳይ ተነሥቶ የራሱን ጥናት ሊያቅድ ነው እንበል። አብዛኛው ተማሪ በመጀመሪያ የሚጽፈው ርዕስ «በወላይታ ዞን የፖዶኮኒዮሲስ ማኅበራዊ ገጽታ» የሚል ይሆናል። ይህ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ርዕስ ሥር አሥር ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ በአራት ወር ግን ምንም አይሠራም።

ጥሩ የዓይነታዊ ምርምር ጥያቄ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ይይዛል፦ ማን፣ ምን ሲያደርግ ወይም ሲያስብ፣ በየትኛው ሁኔታ። «ጫማ ያላቸው ገበሬዎች በእርሻ ወቅት ጫማቸውን ማድረግ ወይም አለማድረግን እንዴት ይወስናሉ?» የሚለው ለዚህ ቅርብ ነው። «ስንቶቹ» ወይም «ከዕድሜ ጋር ያለው ተዛምዶ ምን ያህል ነው» የሚሉ ቃላት በጥያቄው ውስጥ ከገቡ ጥናቱ ሌላ ዓይነት ዘዴ እየጠየቀ ነው፤ እርሱን በቃለ መጠይቅ ለመመለስ መሞከር በማንኪያ ውኃ እንደመቅዳት ነው።

ጥያቄው መልሱን ቀድሞ የያዘም መሆን የለበትም። «ገበሬዎች በግንዛቤ እጥረት ምክንያት ጫማ የማያደርጉት ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር ዕቅድ መልሱን ጨርሶ መጥቷል። በዚሁ አካባቢ ስለ ጫማ አጠቃቀም ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓይነታዊ ጥናት የግንዛቤ ጉዳይ አንዱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በገበያ የሚገኘው ጫማ ለእርሻ ሥራ አይመችም፤ ዋጋው ከቤተሰቡ አቅም ጋር አይመጣጠንም፤ ጫማን ለልዩ ቀን የማስቀመጥ ልማድ አለ። የግንዛቤ ትምህርት ብቻ ይዞ የሚመጣ ፕሮግራም ጭቃው ውስጥ ለሚቀረው ጫማ ምንም መልስ አይኖረውም። እንግዲህ በጥያቄው ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት ሐረግ የገንዘብን አቅጣጫ እስከመለወጥ ትደርሳለች ማለት ነው።

የቀደሙ ጽሑፎችን ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በአንዳንድ የዓይነታዊ ምርምር ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም ግሌዘርና ስትራውስ በ1967 እ.ኤ.አ. ባቀረቡትና ንድፈ ሐሳብን ከመረጃው ውስጥ ማውጣትን በሚመርጠው ዘዴ፣ አጥኚው በቀደሙት ሐሳቦች ተይዞ ወደ መስክ እንዳይወጣ ይመከራል። ምክሩ ቁም ነገር አለው። ነገር ግን አንድ ጀማሪ ተማሪ ይህን ምክንያት አድርጎ ሳያነብ ቢሄድ፣ ሰዎቹ አምስት ጊዜ የመለሱትን ጥያቄ ስድስተኛ ጊዜ ይጠይቃቸዋል። የሰዎችን ጊዜ በዚህ መልኩ መውሰድ ተገቢ አይመስለንም።

ማንን? ስንቱን?

መጠናዊ ጥናት ናሙናውን በዕጣ የሚመርጠው ውጤቱን ለመላው ሕዝብ ለማጠቃለል ነው። ዓይነታዊ ጥናት ግን ስለ ጉዳዩ ብዙ የሚያውቁትን ሰዎች ሆን ብሎ ይመርጣል። ዓላማ ተኮር ናሙና የሚባለው ይህ ነው። በእኛ ምሳሌ ጫማ ኖሮት የማያደርግ ገበሬ፣ ዘወትር የሚያደርግ ገበሬ፣ ታሞ የዳነ ሰው፣ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉም የተለያየ ነገር ያውቃሉ። ዕቅዱ እነዚህን በስም ሳይሆን በዓይነት ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱም «ይህን ሰው ለምን?» ለሚለው ምክንያት ይሰጣል።

በተለይ ዕቅዱ ሊያስብባቸው የሚገባው ሳይፈለጉ የሚቀሩት ሰዎች ናቸው። አጥኚው መንደር ሲደርስ የቀበሌው አመራር የሚያቀርቡለት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ንግግር የሚችሉ፣ ወንዶችና ከመንገድ አቅራቢያ የሚኖሩ ናቸው። እግሯ አብጦ ከቤት የማትወጣ ሴት ስብሰባ ላይ አትገኝም። እርሷን ለማግኘት በዕቅዱ ውስጥ የተጻፈ መንገድ ከሌለ ጥናቱ ስለ እርሷ ያለ እርሷ ይጻፋል። መንገዱም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። አጥኚው መኪና ይዞ በቀጥታ ወደ ደጃፏ ቢሄድ ሕመሟን ለጎረቤት ያሳወቀ ያህል ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ መካሪዎችና ተማሪዎች ሲከራከሩ ይታያል። በመርሕ ደረጃ መልሱ «ሙሌት» ላይ እስኪደረስ ነው፤ ማለትም ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ አዲስ ነገር ማምጣቱን እስኪያቆም። ሆኖም ለገንዘብ ሰጪና ለገምጋሚ ኮሚቴ «እስኪሞላ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የጌስትና የባልደረቦቹ ጥናት በጋናና በናይጄርያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን እንደገና መርምሮ፣ ሙሌት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 12 ላይ እንደተደረሰ፣ መሠረታዊዎቹ ጭብጦች ደግሞ በ6 ላይ እንደታዩ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ 12 የምትባለው ቁጥር እንደ ሕግ ስትጠቀስ ትታያለች። ሕግ ግን አይደለችም። ተሳታፊዎቹ ተመሳሳይ ሰዎች፣ ጥያቄውም ጠባብ ነበር። ሄኒንክና ባልደረቦቿ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ 25 ቃለ መጠይቆችን መርምረው ጉዳዮቹን ለመዘርዘር 9 ቢበቃም ትርጉማቸውን በጥልቀት ለመረዳት ከ16 እስከ 24 እንዳስፈለገ አሳይተዋል። አንድን ነገር መስማት ለየቅል፣ መረዳት ለየቅል ነው። ስለዚህ ተማሪው በዕቅዱ ላይ ግምታዊ ክልል ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ የተሳታፊ ዓይነት ይከፋፍለው፤ በምን ምልክት እንደሚያቆምም ይግለጽ።

አጠያየቅ

መረጃ የሚሰበሰብባቸው ዋና ዋና መንገዶች ጥልቅ ቃለ መጠይቅ፣ የቡድን ተኮር ውይይትና ምልከታ ናቸው። ሦስቱን በአንድ ላይ መጠቀም ዘወትር የተሻለ ነው የሚል እምነት በተማሪዎች ዘንድ አለ፤ ዕቅዱን ስለሚያሳምር ይመስለናል። ምርጫው ግን ከጉዳዩ ባሕርይ ሊነሣ ይገባል። የቡድን ውይይት ሰዎች በአደባባይ የሚሉትን፣ የሚስማሙበትንና የሚከራከሩበትን ያወጣል። በመንደሩ ጫማ መቼ እንደሚደረግ ለማወቅ ጥሩ ነው። ስለ መገለል ግን ሰባት ጎረቤቶች በተቀመጡበት መጠየቅ አንድም መልስ አያስገኝም፤ ካስገኘም ተናጋሪውን ይጎዳል። ያ ለብቻ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ይያዛል። ምልከታ ደግሞ የሚባለውና የሚደረገው የሚለያዩበትን ያሳያል፤ «ሁልጊዜ እጫማለሁ» ያለው ሰው ማሳው ላይ ሲታይ እንደማለት ነው።

የቃለ መጠይቅ መምሪያ ከመጠይቅ ይለያል። ከስምንት እስከ አሥር ክፍት ጥያቄዎች፣ ከእያንዳንዱም ሥር ጥቂት ማስከተያዎች ቢኖሩት ይበቃዋል። የጥያቄው አቀራረብ ግን ብዙ ይወስናል። አንዲትን አሮጊት «ጫማ ለምን አያደርጉም?» ብሎ መጠየቅ መውቀስ ነው፤ የሚገኘውም መልስ ይቅርታ ወይም ድህነት ብቻ ይሆናል። «እማማ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ እስከ ማታ የዋሉበትን እስቲ ያጫውቱኝ» ብሎ ቢጀመር፣ ውኃው፣ ማሳው፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ በየተራ ይመጣሉ፤ እግርና ጫማም በየመካከሉ ይነሣሉ። አጥኚው ያኔ «ወደ ገበያ ሲሄዱ አደረጉት፣ ወደ ማሳ ሲወርዱ ተዉት፤ እንዴት ነው ነገሩ?» ለማለት ቦታ ያገኛል።

ሌላም ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን ንግግር በቀጥታ አለመናገር ነውር ሳይሆን ሥርዓት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአማራን ባህል ለመግለጽ ርዕሱን ያደረገው ሰምና ወርቅን ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱ አነጋገር ስላለው የእርሱን ትንታኔ ወደ ወላይታ መገልበጥ አይገባም። ሆኖም «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን መልስ እንደ መረጃ መዝግቦ የሚያልፍ አጥኚ የትም ቢሄድ ሰሙን ይዞ ይመለሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ከአንድ ሰው ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ መገናኘትን በዕቅድ መያዝ ነው። በሁለተኛው ቀን የሚባለው በመጀመሪያው ቀን ከተባለው ይለያል።

አስቀድሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች ጋር የሚደረግ ሙከራ መታለፍ የለበትም። ከመምህሩ ክፍል ውስጥ ያማረ ጥያቄ መንደር ሲደርስ ሳቅ ሊያስነሣ ይችላልና።

የቋንቋ ጉዳይ

በወላይታ የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ የጥናቱ ዕቅድ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ በመካከል አማርኛ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ከተናጋሪው አፍ እስከ መመረቂያው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይተረጎማል። በየትርጉሙ አንድ ነገር ይወድቃል።

ከላይ ያነሣነውን የዘረመል ጥናት እንደገና እንመልከት። ይህን ሐሳብ ለአንድ ገበሬ በአማርኛ ማስረዳት ቢኖርብን በቅርብ የምናገኘው ቃል «ዘር» ነው። ዘር ግን እህል ነው፤ ትውልድ ነው፤ ጎሳ ነው፤ «የእነ እንትና ዘር» ሲባል ደግሞ ፍርድ ነው። «በሽታው ከዘር ጋር ግንኙነት እንዳለው እናጠናለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር በባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ምንም ጉዳት የለውም፤ በመንደር ውስጥ ግን ቤተሰብን የሚያስነቅፍ ነው። «ዘረመል» ብንል ደግሞ ቃሉ በትምህርት ቤት ላላለፈ ሰው ባዶ ድምፅ ይሆንበታል። አማራጩ ቃሉን ትቶ ነገሩን መግለጽ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ «አንዱን ሰው አፈሩ ሲያሳምመው ሌላውን የማያሳምመው በሰውነታቸው ውስጥ ምን ልዩነት ቢኖር ነው?» ብሎ። ይህ አገላለጽ ረጅም ነው፤ ጥፋተኛ ግን አያበጅም።

በመሆኑም ዕቅዱ ማን እንደሚተረጉም፣ ተርጓሚው ከአካባቢው የሆነ ወይም ያልሆነበትን ምክንያት፣ ትርጉሙም በሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ የሚመሳከር መሆኑን መግለጽ አለበት። ከዚያው መንደር የሆነ ተርጓሚ ቋንቋውን ያውቃል፤ ነገር ግን ጎረቤት ነው፤ በጎረቤት ፊት የማይነገር ነገር አለ። እንዲህ ያሉት ነገሮች አንድ ወጥ መፍትሔ የላቸውም፤ በየጥናቱ ይመዘናሉ።

አጥኚው ማን ነው?

በፊዚክስ ሙከራ የመለኪያውን ስሕተት እንመዘግባለን። በዓይነታዊ ምርምር መለኪያው ሰው ነው። ስለዚህ ዕቅዱ አጥኚው ማን እንደሆነ፣ ሰዎቹ ምን ብለው እንደሚያዩት፣ እርሱም ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ምን እንደሚያምን መግለጽ ይኖርበታል። ነጭ ጋውን ለብሶ የመጣ ሰው መድኃኒት ይዞ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰው ጋር የመጣው ደግሞ መዝጋቢ ይመስላል። ለመጀመሪያው ሕመማቸውን አብዝተው፣ ለሁለተኛው ንብረታቸውን አሳንሰው ይነግሩታል። ይህን ማጥፋት አይቻልም። በየዕለቱ ማታ በመስክ ማስታወሻ መጻፍና በትንተናው ጊዜ ማገናዘብ ግን ይቻላል።

ሊንከንና ጉባ በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የታማኝነት መመዘኛ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ከትክክለኛነትና ከአስተማማኝነት ስሌት ይልቅ፣ ግኝቱ በተሳታፊዎቹ ዘንድ የሚታመን መሆኑን፣ ሌላ ሰው የአጥኚውን ዱካ ተከትሎ ሊመረምረው የሚችል መሆኑን ይጠይቃል። ይህ በመጨረሻ የሚጨመር ቅመም አይደለም፤ ዱካው እንዲኖር ከመጀመሪያው ቀን መመዝገብ ስላለበት በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት።

ፈቃድ፣ ጊዜና ትንተና

ማንኛውም ጥናት ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት በተቋሙ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። ዓይነታዊ አጥኚዎች «ደም አንወስድም፣ መድኃኒት አንሰጥም» ብለው ይህን እንደ ወግ ይቆጥሩታል። የፖዶኮኒዮሲሱ ጉዳይ የሚያስተምረን ግን ጉዳት በመርፌ ብቻ እንደማይመጣ ነው። ስም ከድምፅ ቅጂው ላይ መውጣት አለበት፤ ስም ወጥቶም «በቀበሌው ያለች ብቸኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ» ብሎ መጻፍ ስሟን እንደመጥራት ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፈቃዱን በምን እንደሚገልጽ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ራሱ እንጂ በእርሱ ፈንታ የመንደር ሽማግሌው አለመሆኑን፣ በመካከል ላቁም ቢል እንዴት እንደሚቆም በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፋል። አንድ ሰው እየተናገረ ቢያለቅስ አጥኚው ምን ያደርጋል? ይህም መልስ ይፈልጋል።

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያሳንሱት አንድ ነገር አለ። አንድ ሰዓት የተቀዳ ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ትርጉሙ ሲጨመርበት እጥፍ ይሆናል። ሃያ ሰው ለአንድ አንድ ሰዓት ቢያነጋግሩ፣ ለመገልበጥ ብቻ ከ80 እስከ 120 ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። ወቅቱም መታየት አለበት፦ በእርሻና በመኸር ጊዜ ገበሬን ለሰዓት ማስቀመጥ አይቻልም፤ ምልከታው ግን በዚያው ጊዜ ካልሆነ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ምልከታውን በሥራ ወቅት፣ ቃለ መጠይቁን ሥራ ጋብ በሚልበት ጊዜ ማድረግ ይሻላል።

ትንተናው መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የሚጀመር ከሆነ ጥናቱ ግማሽ ጥቅሙን አጥቷል። ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ከመደረጉ በፊት የመጀመሪያው ተገልብጦ ቢነበብ፣ ያልታሰበ ጉዳይ ተገኝቶ ወደ መምሪያው ሊጨመር ይችላል። ከዚያም ጽሑፉ በትናንሽ ክፍል ተለይቶ ስያሜ ይሰጠዋል፤ ስያሜዎቹ ተሰባስበው ወደ ጭብጥ ያድጋሉ። ብራውንና ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. የገለጹት የጭብጥ ትንተና ለጀማሪ በጣም ተስማሚ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ለማደራጀት ይረዳሉ፤ በባለ ቀለም እስክሪብቶና በመቀስ የተሠራ ትንተና ግን ከእነርሱ አያንስም፤ የሚያስበው ሰውየው ነውና።

በመጨረሻ፣ ከዕቅዶች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ መስመር አለ፦ ውጤቱ ወደ ሰዎቹ እንዴት እንደሚመለስ የሚገልጸው። የሁለት ቀን የመጓጓዣ ወጪና አንድ የስብሰባ ቀን በበጀቱ ላይ ከጅምሩ ካልተያዘ፣ ጽሑፉ ተመርቆ መደርደሪያ ከገባ በኋላ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ሆነ ጊዜ አይገኝም።